ሽርሽር በማጥ መንገድ

ሐምሌ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ ቢያዝን፣ ዕድሜዬን ቅኔ ቤት የፈጀሁ ሰው፣ ዛሬ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ስናጥ ዋልሁ። ወገቤን እግዜር ይማረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሽጉ የጣልያን መኮንኖች አንዱ፣ ቴኔንቴ ሞርጋንቲ የሚሉት መቶ አለቃ፣ ሞተር ብስክሌት አለችው። ከጎኗ ሰው የሚቀመጥባት ባለ አንድ ጎማ ሣጥን ተለጥፋባታለች። ይህ ሰው በክረምት፣ በገጠር መንገድ፣ በሞተር መሸራሸርን የመሰለ ተድላ በምድር ላይ የለም ባይ ነው። ሌሎቹ መኮንኖች ዝናብ ሲመጣ ከምድጃው ጥግ አይነቃነቁም፤ እሱ ግን ደመና ሲያይ መነጽሩን ይወለውላል። አገሩ ሲረጋጋ ወገኖቹ ሞተር ሞተራቸውን ይዘው ጎጃምን ሊጎበኙ ይጎርፋሉ ብሎ አምኗል፤ ለነሱ መንገድ የሚመራ መጽሐፍ እየጻፈ ነው። ለዚህ አስተርጓሚ አስፈለገው። ከነጋዴ ጋር አሥመራ ከርሜ ጣልያንኛ መልመዴን ማን እንደነገረው እንጃ፤ ወታደር ልኮ ከቤቴ አስወሰደኝ። እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ገበያው መኻል የቆመውን መስቀያ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ለሚስቴ ለደብሪቱ «ክረምቱን ብቻ ነው፤ ለመስከረም ይለቀኛል» አልኋት።

«ባንዳ በክረምትም ባንዳ ነው» አለችኝ። ራትም አላቀረበችልኝ።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ቅዳሴ ሳልሰማ ወደ ሉማሜ ይዞኝ ወረደ። ውሽንፍሩ ፊቴን ገረፈኝ፤ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ ነጠላዬ ተጨምቆ ባልዲ የሚሞላ ውኃ ወጣው።

ሉማሜ ላይ አንድ ገበሬ አስቁሞ «በዚህ አገር ከሁሉ የሚያምረው ምን እንደሆነ ጠይቀው» አለኝ። ጠየቅሁት። ገበሬው ገሳውን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሰማዩን ሲያይ ቆየና «ጤፉ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ገና አልዘራንም» አለ።

«ምን አለ?» አለኝ ቴኔንቴው።

«ተራራው ነው ይላል ጌታዬ።»

ደስ ብሎት ጻፈ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሯን ለቀቃት። ጮኽሁ። ከፍርሃት ነው የጮኽሁት።

ሐምሌ 8

ደብሪቱ ሄደች። ወደ አባቷ ቀዬ፣ ከአማኑኤል በላይ።

ጠዋት ስነሣ ልብሷን ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች። «ዛሬም በዚያች ሣጥን ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«ታዝዤ ነው እንጂ ወድጄ መሰለሽ?»

«አይ፣ ወደህማ አይደለም። ሌሊት በእንቅልፍህ ዱግ ዱግ ዱግ የምትለውም ታዝዘህ ነው።»

እኔ ዱግ ዱግ አልልም። ብልም ሕመም ነው፤ ከሚነዝረው ወንበር የመጣ ሕመም። ይህን ላስረዳት ስል ቴኔንቴው ከደጅ ሞተሯን አስነሣ። ዝናቡ ደግሞ ካፊያ ነበረ፤ ለመንገድ የሚስማማ ካፊያ። ልሸኛት አልቻልሁም።

ሐምሌ 13

ጉድ ነው። የነፍስ አባቴ መምሬ ወልደ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ጠሩኝና መስቀል እያሳለሙ መልእክት ነገሩኝ። የላከው አያ አንሙት ነው፤ የደብሪቱ ታላቅ ወንድም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዱር ገብቷል፤ በአማኑኤል ዙሪያ ስሙ ሲነሣ ጣልያኖች መስኮት ይዘጋሉ።

«እንዲህ ብሏል» አሉኝ መምሬ። «ከአማኑኤል ወዲያ ካለው ማጥ ላይ ሰውዬውን አምጣልኝ። አንተ ለሽንት ብለህ ውረድ፤ የቀረውን ለኛ ተወው። ይህን ካደረግህ ደብሪቱ ትመለስልሃለች፤ ባንዳ ያለህንም ሁሉ አፉን አሲዛለሁ። ቀኑን አንተ ቁረጥ። ካላደረግህ ግን ለመስቀል እኅቴን ለሌላ እድራታለሁ፤ አንተን ደግሞ...»

«እኔን ደግሞ ምን አባቴ?»

የቀረውን አልነገሩኝም። መስቀሉን ግን ግንባሬ ላይ ጠንከር አድርገው ገጩት።

ደብሪቱን እፈልጋታለሁ። ይህን እዚህ ላይ ልጻፈው። ቤቱ ያለሷ ጎተራ ሆኖብኛል፤ ማታ ገብቼ የማናግረው የለኝም። ስለዚህ ቀን መቁረጥ አለብኝ።

ሐምሌ 17

ቀን ልቆርጥ ተቀመጥሁ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፤ በገብርኤል ደም ይፈሳል? ሃያ አንድ ማርያም። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም። ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ከዚያ ነሐሴ ይገባል፤ ጾመ ፍልሰታ። እኔ ምን ላድርግ? ባሕረ ሐሳቡን እኔ አልሠራሁት!

ነገ ባዶ ቀን ነው። ነገ ግን ቴኔንቴው አዲስ ካንዴላ፣ እሳቷን የሚጭረውን፣ ሊያስገባላት ነው። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ድምጿ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለአርበኞቹም ቢሆን ይጠቅማቸዋል።

ሐምሌ 18

ድምጿ ጠርቷል።

ሐምሌ 20፣ በችኮላ

በረዶ። የጣት ጫፍ የሚያክል። የቴኔንቴው የራስ ቁር ላይ ሲወርድ ድቤ ይመታል። እሱ ይስቃል። እኔ በጉልበቴ መኻል ተቀበርሁ። ከመንገዱ ዳር ላሞች ዛፍ ሥር ተጠግተው ያዩናል፤ ከኛ እነሱ ይሻላሉ። ነገ ደምበጫ። ከቆዳ የተሠራ ጓንት ሰጠኝ። እምቢ ልል ነበር። ብርድ ነው።

ሐምሌ 22

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ ጎረቤቴ፣ ከአጥር ወዲያ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማኋት። «ሚስት የሄደችበት ሰው ይገረጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቢያዝን ግን ክረምቱ ተስማማው መሰል፣ ፊቱ ወዝቷል።»

ወዝ አይደለም። የሞተር ዘይት ነው።

ሐምሌ 26

ይህን ቁጭ ብዬ ልጽፈው ይገባል።

ወደ ደምበጫ ስንሄድ መንገዱ በአንድ ኮረብታ ወገብ ዞር ይላል። ከዞረበት ላይ ቀዬ ነበረ። አሁን ምሰሶዎች ብቻ ቆመዋል፤ የከሰሉ፤ ዝናብ እየጠጡ። የአንዱ ጎጆ ምድጃ ሳይፈርስ ቀርቷል፤ በላዩ ሣር በቅሏል። ቴኔንቴው ሞተሯን አቆመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሸለቆውን አየ።

«እንዲህ ያለ የሚያምር ቦታ! ሰዎቹ ለምን ጥለውት ሄዱ?»

«የእናንተ ሰዎች አቃጥለውት ነው ጌታዬ።»

አንገቱን ደፋ። ያፈረ መሰለኝ። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ ጻፈና አነበበልኝ፤ «ባዶ ቦታ፤ ለሆቴል ምቹ።»

የዚያን ጊዜ ገፍቼ ገደል ብከተው ምን ነበረበት? እጄ ሣጥኗን ጨብጦ ቀረ። እኔ ቢያዝን ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? የሰው ቤት አመድ ላይ ቆሜ «እሺ ጌታዬ» አልሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኸው ነው፤ ያ ዞር ያለው መንገድ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ካለው ሁሉ ለሞተር የሚመች ነው። ሣጥኗ ከመሬት ብድግ ትላለች። ይህን ማወቄን አልወደድሁትም።

ነሐሴ 4

አያ አንሙት ተቆጥቷል። መምሬ ወልደ ሚካኤል ቃሉን እንዳለ አቀበሉኝ። «ለየትኛው ቅዱስ ያልተሰጠ ቀን ሊገኝልህ ነው? እኔ ቆርጬልሃለሁ፤ ነሐሴ ዘጠኝ። ጾሙን እኛም እንጾማለን፤ እየጾምንም እንተኩሳለን።»

«አባቴ፣ በፍልሰታ ነፍስ ማጥፋት እንዴት ይሆናል?» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ለሰውየው ነው ወይስ ለብረቷ ነው የምታዝነው?»

ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! ለነፍሱ ነው እንጂ።

ነሐሴ 9

ጭቃዬን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ልሣቅ ይሁን ልደንግጥ አላወቅሁም።

ጠዋት ወጣን። ጉም ነበረ፤ ከፊት ጎማው አልፎ የሚታይ የለም። አማኑኤልን አለፍን። እኔ በልቤ «ለሽንት ልውረድ» የሚለውን በጣልያንኛ እየደጋገምሁ ነው። ማጡ ጋ ደረስን፤ አፌን ልከፍት ስል የኋላ ጎማው ስምጥ ብሎ ገባ። ቀጥሎ የኔዋ ሣጥን። ጭቃው እስከ ደረቴ መጣ። ቴኔንቴው ወርዶ ቢገፋ እሱም እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ሞተሯ ትጮኻለች፤ ትሰምጣለች።

እኔም የመጣሁበትን ረስቼ «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ የመንገደኛ ያለህ! በወላዲተ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ።

በኛ አገር የተጫነ ከብት ማጥ ውስጥ ሲወድቅ ሰምቶ የሚያልፍ የለም። የደም ባላጋራህ ቢሆን ወርደህ ትከሻህን ትሰጠዋለህ፤ ጠቡን ከደረቅ መሬት ላይ ስትደርሱ ትቀጥሉታላችሁ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሰዎች እየተንደረደሩ መጡ። ጠመንጃቸውን እንዳይረጥብ ቋጥኝ ላይ ደርድረው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ዘለው ገቡ። «ከፊት ያዝ! ከኋላ ግፋ! አይዞህ ወንድሜ! ሆ በል!» ጾመኛ አንጀታቸውን አስረው ገፉ። ከኋላ ጎማው ዘንድ በትከሻው የሚገፋው አያ አንሙት ነው! ጎማው ሲሽከረከር አፉ ውስጥ ጭቃ ረጨበት፤ እሱ «በርታ፣ ልትወጣ ነው!» ይላል።

ወጣች። ቴኔንቴው እንባው እስኪመጣ ተደሰተ። እያንዳንዳቸውን ጨበጠ፤ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ አደላቸው። አንዱ ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ቅቤ አለበት?» አለኝ።

«ሳይኖርበት አይቀርም።»

«እንግዲያስ ጾም ነው፤ እግዜር ይስጥልን በልልን።» መለሰለት።

ቴኔንቴው ሞተሯን አስነሣ፣ ዘልዬ ገባሁ፣ ሄድን። «በደኅና ያግባችሁ!» አለ አንዱ ከኋላችን። ዞሬ ሳይ አያ አንሙት ጭቃ ለብሶ፣ እጁን እንዳወናጨፈ መንገዱ መኻል ቆሟል። ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ጠመንጃው ሮጠ፤ እኛ ግን ጉሙ ውስጥ ገብተናል።

ቴኔንቴው እስከ ቤት ድረስ ስለ አገሩ ሰው ደግነት ሲያወራልኝ መጣ።

ነሐሴ 11

መምሬ ወልደ ሚካኤል፤ «አንሙት አፉን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ጭቃው አልወጣለት ብሎታል። ሰዎቹን ለምን ገፋችሁ ቢላቸው፣ አንተስ ለምን ገፋህ አሉት። አሁን የሚያስበው አንተን ነው።»

እህል አልበላ አለኝ። ደግነቱ ጾም ነው።

ነሐሴ 15

ቴኔንቴው ትናንት ጠመዝማዛው ላይ ተንሸራተተና ወደቅን። እኔ ጤፍ ማሳ ላይ አረፍሁ፤ እሱ ግን የቀኝ እጁ አንጓ ዞረ። መንዳት አልቻለም፤ ከሰው አገር መኻል ነን፤ ሊመሽ ነው። ሐበሻ እንዲነዳ በሕጋቸው ክልክል ነው። ግራ ቀኙን አየና «በዚህ ጉም ማን ያያል?» ብሎ እሱ ሣጥኗ ውስጥ ገባ። እኔን ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝ። ፍሪሲዮን የሚሉትን እጀታ በግራ እጄ ጨብጬ፣ ማርሹን አስገብቼ፣ ቀስ ብዬ እንድለቅ ነገረኝ።

ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ። ሦስተኛው ላይ ሄደች።

አይ ወዲያ! ጌታ ሆይ፣ ምን ብዬ ልጻፈው? ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል፤ አፍንጫዬ ይፈሳል፤ ካፊያው በአንገቴ ገብቶ በወገቤ ይወጣል። ከጉሙ ስንወጣ የጮቄ ተራራ በረዶ ለብሶ ከፊታችን ተገተረ፤ ከሥሩ መስኩ ሁሉ ለምለም ነው፣ ጅረቱ በየፈፋው ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ሽቅብ ስሰጣት ታጉረመርማለች፤ ቁልቁል ስለቃት እኔው ራሴ የምሮጥ ይመስለኛል። ዘፈንሁ። በጾም ዘፈንሁ! ቴኔንቴውም በአገሩ ቋንቋ ዘፈነ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደብሪቱ ወዲያው ትዝ አለችኝ። ወዲያው ስል፣ አማኑኤል ከደረስን በኋላ ነው።

ነሐሴ 28፣ ቅዳሜ

አበስኩ ገበርኩ። ከዚህ ማን ያውጣኝ?

የቴኔንቴው እጅ ገና አልዳነም፤ በነጭ ጨርቅ ከአንገቱ ጋር ታስሯል። ዝናቡ ስለጠናበትም ከሉማሜ የገዛውን ገሳ ለብሷል፤ የሣር ክምር መስሏል። «ማንም ቢጠይቅ እኔ አለሁ» ብሎ እኔን እያስነዳ ደምበጫ ገበያ ወሰደኝ። የደምበጫው ምሽግ ወታደሮች ዝናቡን ሸሽተው ከውስጥ ናቸው።

ገበያው መኻል ስደርስ ሕዝቡ ተከፈለ። ፈረሶች ደነበሩ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ተነሥታ እኔን አየች፤ መሪውን የያዝሁትን። ከዚያ እሱን አየች፤ እጁ የታሰረውን፣ ገሳ የለበሰውን፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን። «እሰይ! እጁን አስሮ አመጣው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ገበያው ተቀበላት። «የማን ልጅ ነው? የማን ጀግና ነው?» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ጉልበቴን ስሞኝ አለቀሰ።

ቴኔንቴው በደኅናው እጁ ሰላምታ እየሰጠ «ምን ይላሉ?» አለኝ።

«እንኳን ደኅና መጣህ ይላሉ ጌታዬ።»

«አላልሁህም? ሞተር የሚወድ ሕዝብ ነው።»

አልማረክሁትም ብል? ወርጄ «ውሸት ነው» ብል? አላልሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ እልልታ ጀርባዬ ላይ ስትወርድ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።

ነሐሴ 30

ወሬው ከኛ ቀድሞ ደረሰ። መምሬ ወልደ ሚካኤል መጡ፤ የደብሪቱን ቃል ይዘው። «ሰማሁ። ኮራሁብህ። ነገ ማክሰኞ ከቀያችን ግርጌ ከሾላው ሥር አገሩ ሁሉ ወጥቶ ይጠብቅሃል። ምርኮኛህን አምጣና ለአያ አንሙት አስረክብ። ከዚያ አብሬህ እሄዳለሁ።»

መምሬ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ለመሆኑ ማርከኸዋል?»

«አይ አባቴ።»

«እንግዲያ እስከ ነገ ጊዜ አለህ» ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ብቀር ደብሪቱን አጣለሁ፤ ባንዳም ውሸታምም ሆኜ እሞታለሁ። ብሄድ አያ አንሙት ሰውዬውን ይደፋዋል። ክፉ ሰው አይደለም ልል እፈልጋለሁ፤ ያ የተቃጠለ ቀዬ ይመጣብኛል። የእጁን ያግኝ ልል እፈልጋለሁ፤ «ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ጎበዝ» ሲለኝ ይሰማኛል።

ለቴኔንቴው ከአማኑኤል በላይ ደኅና ተራራ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ሕዝቡም ሊቀበልህ ይፈልጋል አልሁት። ጫማውን ሲያስወለውል ተውሁት።

ጳጉሜን 1፣ ማክሰኞ

ሆነ። እንዴት እንደሆነ እንዲህ ነው።

ከሾላው ሥር አገሩ ሁሉ ቆሟል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ናቸው፤ ደብሪቱ ከፊት። ስታየኝ ሣቀች። ከሰኔ ወዲህ ያን ሣቅ አላየሁትም። በሌላው ወገን አያ አንሙት ከነሰዎቹ፤ ጠመንጃው በእጁ ነው። ከመኻል ሽማግሌው አባ ኃይለ ሚካኤል በምርኩዝ ቆመዋል። ያ ለሆቴል ምቹ የተባለው አመድ የሳቸው ቤት ነበረ። ይህን ያወቅሁት እዚያው ሲያስተዋውቁኝ ነው።

ቴኔንቴው እልልታውን ሲሰማ ከሣጥኗ ወርዶ ንግግር ላድርግ አለ። የአንሙት ሌባ ጣት ምላጩን ሲነካ አየሁ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አፌ ቀደመኝ።

ቴኔንቴው «የተከበራችሁ የአገሩ ሰዎች!» አለ።

እኔ «እኔ ሞርጋንቲ የተባልሁ ወራሪ» አልሁ።

«መንገዳችሁን የመሰለ በዓለም ላይ አላየሁም!»

«በመንገዳችሁ ላይ ወገኖቼ የሠሩትን ግፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከእንግዲህ ብዙ ሰው ከአገሬ ይመጣላችኋል!»

«ከእንግዲህ አንድም ሰው ከአገሬ እንዳይመጣባችሁ እጸልያለሁ።»

«ይህን ቦታ ከልቤ አልረሳውም!»

«እጄን ሰጥቻለሁ፤ ስለ እመቤታችን ማሩኝ።»

ከዚያ ከመሬት አንድ ድንጋይ አንሥቼ ለቴኔንቴው አቀበልሁት። «ጌታዬ፣ ይህ ለሆቴሉ የመሠረት ድንጋይ ነው። በኛ ልማድ መሥራቹ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ለሽማግሌ ያቀርባል። ሽጉጡንም ፈትቶ ያስረክባል፤ እንግዳ በሰላም መጣ እንዲባል።»

ዓይኑ አበራ። በደኅና እጁ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሽጉጡን እኔ ፈትቼለት፣ ከአባ ኃይለ ሚካኤል እግር ሥር እስከ መሬት አጎነበሰ። ሴቶቹ አለቀሱ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ቁልቁል አዩት። በኋላ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከትከሻው አነሡለት።

«ቤቴን ያቃጠሉት የሱ ወገኖች ናቸው» አሉ። «ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ግን ምን ይደረጋል? አይነካም።»

አያ አንሙት ጥርሱን አፋጨ። ጠጋ ብሎ «ስማ፣ ሰው ሲማረክ እንዲህ ይፈነድቃል?» አለኝ።

«ግፉ ከብዶት ኖሮ ነው አያ። አሁን ቀለለው።»

ትክ ብሎ አየኝና ጠመንጃውን አወረደ። ወደ ዱሩ ሰፈር ይዘውን ሲወጡ ቴኔንቴው «ወዴት ነው?» አለኝ። «ተራራው ከዚያ የበለጠ ይታያል» አልሁት። ሞተሯን እኔ ነበርሁ የነዳኋት፤ ደብሪቱ ከኋላ በእግሯ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ዝናቡ ጠበል ነው ብሎ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይረጠባል። ቴኔንቴው ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ጠባቂ ከጎኑ። አባ ኃይለ ሚካኤል የበሰለ ባቄላ አቅርበውለታል፤ አይበላም።

«መቼ ነው እጄን የሰጠሁት?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

«በየት በኩል?»

«ከመንገዱ ቀጥሎ፣ ጌታዬ። በንግግርዎ።»

«ድንጋዩስ?»

«እሱው ነው።»

ባቄላውን ገፋ አደረገ። ከዚያ «ነፍሴን ነው ያተረፍህልኝ ወይስ ሸጥኸኝ?» አለ። አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

ጳጉሜን 4

የምሽጉ ጦር የሞተሯን ዱካ ይዞ እየመጣ ነው አሉ። ጭቃው ላይ የጣለችው መሥመር አገር ያስነብባል። አያ አንሙት ጠራኝ። ሰዎቹ ሁሉ፣ ደብሪቱም ቆመው ነበር።

«ይህችን ነገር ገደል ክተታት» አለኝ። «አንተው ራስህ።»

«አያ፣ ቅጠል አልብሰን ብንደብቃት? ለደጉ ቀን...»

«ክተታት ቢያዝን።»

እስከ ገደሉ አፍ በእጄ ገፋኋት። የቀረችው ቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ሰምቼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላስነሣት አልሁና አስነሣኋት። ድምጿ ጠርቶ ነበር። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኋት። ሄደች። ሸለቆው ድምጿን ሲመልሰው ቆየና ዝም አለ።

እኔ መሬት ላይ ወድቄ አለቀስሁ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት፤ ድምፅ አውጥቼ። ቴኔንቴው ከጠባቂው አምልጦ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ፤ እሱም ያለቅሳል። ተቃቅፈን አለቀስን። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንዱ «ከባንዳነት ወጣ፤ የንስሐ እንባ ነው» አለ። ሌሎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አያ አንሙት ሳይቀር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደብሪቱ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። ጠባቂው ቴኔንቴውን ወደ ዋሻው መልሶት ሰው ሁሉ ሲበተን ቀርባ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብላ «እኔ ስሄድ እንዲህ አላለቀስህም» አለችኝ።

ታዝዤ ነው አልላት።

ልብሷን ጠቅልላ ራሷ ተሸከመች። «ተነሥ፣ እንሂድ። ቃል ቃል ነው» አለችና ከፊት ከፊቴ ቁልቁለቱን ወረደች። ተከተልኋት። መንገዱ ዞር የሚልበት ላይ ስንደርስ ግራ እጄ ሳላዝዛት ፍሪሲዮን ልትጨብጥ አየር ላይ ተኮማተረች። ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኋት። ደብሪቱ ግን ዞራ እያየችኝ ነበር።